የጊልስ ፔፐሬል የሞት ግብር

ጊልስ ፔፐሬል የሞተው ጣራ ላይ የወጣ ፍየል ለማውረድ ወጥቶ ነው። ፍየሉ በወጣበት ወረደ፤ ጊልስ ባልወጣበት ወረደ። ኔዘርኮም ውስጥ ከዚህ የባሰ አሟሟት የሞቱ ሰዎች ሞልተዋል፤ ጎረቤቶቹም ይህንኑ ለሚስቱ ለቶማዚን እየቆጠሩ ሊያጽናኗት ሞከሩ። እሷ ግን እንኳን ልትጽናና፣ ያ ጎልያድ የሚሉት አውራ ፍየል ከሬሳው አጠገብ ቆሞ የጊልስን የገለባ ኮፍያ ሲያመነዥክ ስታየው ደሟ ፈላ። «አንተ የሰይጣን ቁራጭ! እሱን በልተህ አልጠገብክም?» ብላ የወተት ባልዲዋን ወረወረችበት። ባልዲው ሳተው። ጎልያድ ላይ የተወረወረ ነገር ሁሉ ይስተዋል።

ሬሳው ገና ሳይገነዝ ጭቃ ሹሙ ጃስፐር ትዊግ መጣ። ጃስፐር ክፉ ሰው አይደለም፤ ሹመት ነው ያበላሸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንዲሉ፣ እንዳይቆጨው በጣም ይጠነቀቃል። ኮፍያውን አውልቆ ለሬሳው እጅ ነሳና በቀጥታ ወደ በረቱ ገባ። ጭሰኛ ሲሞት ጉልተኛው ከሟች ከብቶች ምርጡን ይወስዳል፤ ይህ የሞት ግብር ይባላል። ሚስት ባሏን ታጣለች፣ ልጅ አባቱን ያጣል፣ ጌታውም ጭሰኛውን አጥቷልና እሱንስ ማን ያጽናናው? ላም ታጽናናው ነው ነገሩ።

ጊልስ ትቶት የሄደው ከብት ሁለት ብቻ ነበር። አንዷ ቼሪ የምትባለው ቀይ ላም፣ ሌላው ያ ባለ አንድ ቀንዱ ጎልያድ። ጃስፐር ጎልያድን ዘወር ብሎም አላየው። የላሟን ጥርስ አየ፣ ወገቧን ዳበሰ፣ ጎንበስ ብሎ ጡቷን መረመረ።

ቶማዚን በረቱ በር ላይ ቆማ፣ «ጃስፐር፣ ለለቅሶ ነው የመጣኸው ወይስ ለገበያ?» አለችው።

«እትዬ ቶማዚን፣ ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው። እግዜር ያጽናሽ። ስንተኛ ጥጃዋ ነው?»

ቶማዚን ገብታ በሱና በላሟ መሀል ቆመች። ቼሪ ማለት ቅቤዋ ናት፣ አይቧ ናት፣ ክረምቱን የምታልፍባት ድልድይ ናት። ያለ ላሟ ፍግ ያ ቁራጭ መሬት አያበቅልም፤ መሬቱን ካላለማች ደግሞ ከነቤቱ ከእጇ ይወጣል። የጌታው አዲሱ እንደራሴ ሚስተር ሎቭዴይ ደግሞ ከከተማ የመጣው በአንድ ሐሳብ ነው፤ ሰው ያለበትን መሬት ሁሉ በግ እንዲኖርበት። በግ አይከራከርም፤ በግ ሚስት ትቶ አይሞትም።

አንድ ተስፋ ግን አለ። ምርጡ ከብት የቱ እንደሆነ የሚወስነው እንደራሴው አይደለም፤ ጭቃ ሹሙም አይደለም። በመንደሩ ችሎት ላይ በመሃላ የሚናገሩት ከጭሰኞቹ የተመረጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። እነሱ ያሉት ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ከእንደራሴም ከጌታም ይበልጣል። ቶማዚን ይህን ስታስብ ትንሽ ቀለላት። ከዚያ የአሥራ ሁለቱ አለቃ ማን እንደሆነ ትዝ አላትና መልሶ ከበዳት።

ባርናቢ ሆክ ነበር። ጎረቤቷ፣ አጥር ለአጥር። ባርናቢ በዚህ ዓለም የሚያከብረው ሁለት ነገር ነው፤ መሃላውንና የጓሮ ጎመኑን። በመሃላው ቀልድ የለም፤ የገዛ እናቱን እንኳ አሳማዋን መሬት እንዳይቆፍር አፍንጫው ላይ ቀለበት ሳታስገባ ለቃለች ብሎ ችሎት ፊት ከሷት ያውቃል። በጎመኑ ግን የሚቀልድ አንድ ፍጡር አለ፤ እሱም ጎልያድ ነው። ችሎት በተሰየመ ቁጥር ባርናቢ ይነሳል፣ የፔፐሬል ፍየል አጥሬን ጥሶ ገባ ይላል፣ ጊልስ ይቀጣል፣ ጎልያድ ደግሞ ያንኑ ዕለት ማታ ተመልሶ ይገባል። ቅጣቱ የመግቢያ ዋጋ መሰለው መቼስ።

ቶማዚን ከቀብሩ በኋላ፣ የሐዘን ልብሷን እንደለበሰች፣ ልትለምነው ሄደች። ባርናቢ አጥሩ ላይ እሾህ እየጠቀጠቀ ነበር።

«ጊልስን ነፍሱን ይማር» አላት ቀና ሳይል። «ደግ ሰው ነበር። ፍየሉን ግን አይማረው።»

«ስለሱ ነው የመጣሁት። ችሎቱ ላይ ምርጡ ከብት ጎልያድ ነው በሉልኝ፣ ባርናቢ።»

ባርናቢን እሾሁ እጁን ወጋው። «ምን አልሽ?»

«ሰምተኸኛል።»

«እኔ? መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጄን ጭኜ? ያንን… ያንን ቀንድ ያበቀለ ወረርሽኝ ምርጥ ነው ልበል? ምላሴ ይቆረጥ! ቶማዚን፣ ቤቴን ጠይቂኝ እሰጥሻለሁ። የሐሰት መሃላ ግን አልምልም። ነፍስ እኮ አንድ ናት።»

«ላሜም አንድ ናት።»

«አውቃለሁ። ያሳዝነኛል። ግን አላደርገውም።»

ቶማዚን ተናደደች። ባል የሞተባት ሴት ስትናደድ መንገድ ይለቀቅላታል፤ ባርናቢም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ተወው! ቼሪን ይውሰዷት፣ እኔም ልደኽይ። ጎልያድ ግን አይደኸይም! እሱማ እዚሁ ነው። ትንሽም ቢሆን የሚሰማው ጊልስን ነበር፤ እኔንማ እንደ ዝንብ ነው የሚቆጥረኝ። እንግዲህ አንተና እሱ እንደፍጥርጥራችሁ!»

ብላ ዞራ ልትሄድ ስትል ባርናቢ ጎመኑን ተመለከተ። ከዚያ አጥሩን ተመለከተ። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ «ቆይ እስቲ» አለ። «ፍየሉን ከወሰዱት… ወዴት ነው የሚወስዱት?»

«ወደ ጌታው ግቢ ነዋ። ከወንዙ ማዶ።»

«ላይመለስ?»

«ምን ሊያደርግ ይመለሳል?»

የባርናቢ ፊት ላይ የሆነ ብርሃን ወጣ። ሚስቱን ሲያገባ እንኳ እንደዚያ አልፈካም፤ ሚስቱ ራሷ ኋላ ይህንኑ ተናግራለች። «ቶማዚን፣ ቁጭ በይ» አላት። «አልዋሽም፤ እሱ ያለቀለት ነገር ነው። ግን ስለዚያ ፍየል እውነት እንናገር ከተባለ፣ እውነቱ እኮ ብዙ ነው።»

ወሬው ቤት ለቤት ዞረ። ሰው ሁሉ ጎልያድን ከመንደር ለማስወጣት ከሆነ ምን ገዶት። በማግስቱ አሥራ ሁለቱም ሲያርሱም ሲያጭዱም ስለ ፍየሉ አንድ እውነተኛና መልካም ነገር ለማግኘት ሲፍጨረጨሩ ዋሉ። ወፍጮ ጠባቂው ምሳውን ሳይበላ ቀረ ይባላል፤ ከዚያ ድንገት «አገኘሁ!» ብሎ ሲጮህ ሚስቱ ደንግጣ እንስራ ሰበረች።

ችሎቱ በጌታው ጎተራ ተሰየመ። ሚስተር ሎቭዴይ ጥቁር ካባውን ለብሶ፣ ነጩን ዘንግ ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ፣ ለመሄድ እንደቸኮለ ሰው ተቀመጠ። ያ ዘንግ ቀላል ነገር አይደለም። በኔዘርኮም መሬት የሚያዘው በሱ ነው፤ እንደራሴው አንዱን ጫፍ ይዞ ይዘረጋዋል፣ ጭሰኛው በሕዝብ ፊት ሌላውን ጫፍ ይይዛል፣ መሬቱ የሱ ሆነ ማለት ነው። የያዘ ያዘ፣ ያልያዘ አልያዘም። ቶማዚንም የሞት ግብሩ ከተከፈለ በኋላ ይህንን ዘንግ ይዛ የባሏን መሬት ልትረከብ ነው የመጣችው። ጥግ ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ ላይ ስታብስ ቆየች፤ ላቡ ግን አልደርቅ አላት።

መጀመሪያ ጠላ ቀማሹ ተጠራ። ስለ መንደሩ የገብስ ጠላ ምስክርነት እንዲሰጥ ቢታዘዝ መነሳት አቃተው፤ ችሎቱም ይህንኑ እንደ በቂ ምስክርነት ተቀበለው። ቀጥሎ የሁለት ወንድማማቾች የፍግ ክምር ክርክር ታየ፤ ፍጉ የማን እንደሆነ እንጂ የት እንደሚሸት ማንም አልተከራከረም። ከዚያ ሚስተር ሎቭዴይ፣ «የጊልስ ፔፐሬል የሞት ግብር። ምርጡ ከብት የትኛው ነው?» አለ፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ቀና እንኳ አላለም።

ባርናቢ ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ፍየሉ ነው፣ ጌታዬ።»

እንደራሴው ቀና አለ። «ላም የለም ነበር እንዴ?»

«አለች።»

«ታዲያ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ! ምን ማለትህ ነው? ሁለቱም ይምጡ!»

ሁለቱም መጡ። ቼሪ ገብታ በጨዋ ደንብ ቆመችና ጎተራው መሀል በጨዋ ደንብ ፋንድያዋን ጣለች። ጎልያድን ቶማዚን በገመድ እየጎተተች አስገባችው፤ ሽታው ቀድሞት ገባ። ሚስተር ሎቭዴይ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ። «ይሄ?»

«አዎ ይሄ» አለ ባርናቢ። «በመሃላዬ የምናገረው እውነት ነው። በዚህ መንደር እሱን የሚያቆም አጥር አልተሠራም። ላሟን ግን አንድ ገመድ ያቆማታል።»

ወፍጮ ጠባቂው ቀጠለ። «ወፍጮ ቤቴ ገብቶ ከተደረደረው ጆንያ ሁሉ ምርጡን ዱቄት ለይቶ ነው የቀደደው። ሌላውን አሽትቶ ተወው። ላም ይሄን አትለይም፤ ጌታዬ፣ እኔ ራሴ እንኳ አንዳንዴ እሳሳታለሁ።»

«ወንዙ የሞላ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ ቀድሞ የወጣው እሱ ነው» አለ ሌላው። «ቄሱ ሁለተኛ ነበሩ።»

«በሬዬን ታችኛው መስክ ላይ ገጥሞታል» አለ ደግሞ አንዱ ከኋላ። «በሬዬ ከዚያ ወዲህ የመስኩን ስም ሲሰማ ይንቀጠቀጣል።»

«ይብቃ!» አለ ሚስተር ሎቭዴይ። «ምርጥ ማለት እኮ የሚጠቅም ማለት ነው!»

«ልማዱ ምርጥ ነው የሚለው» አለ ባርናቢ። «ማንን እንደሚጠቅም አይልም።»

ይሄኔ አያ ፉልክ ተነሳ። አያ ፉልክ ከአሥራ ሁለቱ ሁሉ ሽማግሌ ነው፤ ጥርስ የለውም፣ ጆሮውም ደከም ያለ ነው፣ ልማድ ግን እንደሱ የሚያውቅ የለም። ከየት እንደሚያመጣው ማንም አያውቅም፤ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ስለሌለ የሚያስተባብለውም የለም። «እኔ ልናገር!» አለ እየጮኸ። «በዚህ ችሎት ከዚህ ፍየል የበለጠ ስሙ የተጠራ ማነው? በየችሎቱ ጎልያድ፣ ጎልያድ! የላሟን ስም አንድ ቀን ያነሳው አለ?»

«ሰውዬ፣ ፍየሉ እኮ የተጠራው ተከሶ ነው!»

«ተከሶም ቢሆን መጠራት ነው ጌታዬ። እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ስኖር የከሰሰኝ የለም» አለ አያ ፉልክ፤ ድምፁ ውስጥ እውነተኛ ቅሬታ ነበር።

ሚስተር ሎቭዴይ አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ አያቸው። ሁሉም የጸሎት ፊት ይዘው ቆመዋል። አንድም ቃል አልዋሹም፤ ይህ ነው ያቃጠለው። አሥራ ሁለት ሰው በመሃላ የተናገረውን ሊሽር አይችልም። «ይጻፍ» አለ በጥርሱ መሀል። «ፍየል። ጥብጣቡን እሰሩበት።»

የጌታው ቀይ ጥብጣብ ቀንዱ ላይ ሲቋጠር ከብቱ የጌታው ይሆናል። ማሰር የጭቃ ሹሙ ሥራ ነው፤ ጃስፐር ግን ጥብጣቡን ይዞ ጎልያድን አንዴ አየውና ለባርናቢ አቀበለው። «አንተ እሰረው፣ በናትህ። እኔ የልጆች አባት ነኝ» ብሎ ከቼሪ ጀርባ ተሸሸገ። እንደራሴው የሚጻፈው ላይ አጎንብሷል፤ የቀሩት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ እየተመታቱ ደስታቸውን ለመደበቅ ሲታገሉ ነበርና ወደ ፍየሉ የሚያይ አልነበረም። ባርናቢን ያየችው ቶማዚን ብቻ ናት፤ ገመዱን ይዛ በዚያኛው ወገን ቆማለች። ሰውየው እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ሙሽራ እንደሚያስጌጥ ሰው፣ ጥብጣቡን ቀንዱ ላይ አዞረና ቋጠረው። ከዚያ ለማረጋገጥ ደግሞ ቋጠረው። ቀና ሲል ዓይኑ ከዓይኗ ተገጣጠመና ፈገግ አለላት፤ በጎረቤትነት ዘመናቸው ፈገግ ሲልላት የመጀመሪያው ነው።

ቶማዚን ልቧ ቀለለ። ቼሪ ተረፈች፣ እፎይ!

«ቶማዚን ፔፐሬል ትቅረብ» አለ እንደራሴው፤ ነጩን ዘንግ አንስቶ ጫፉን ወደሷ ዘረጋ። ቶማዚን ገመዱን ለቀቀችና እጇን ለመጨረሻ ጊዜ በሽርጧ ጠረገች። አይ መጠራረግ! ያቺን ታህል ባትዘገይ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። እጇን ስትዘረጋ ጎልያድ በብብቷ ሥር ሾልኮ አለፈና የዘንጉን ጫፍ ነከሰ።

ሚስተር ሎቭዴይ ሳበ። ጎልያድም ሳበ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ፍየል ከሁለቱም ይብሳል። እንደራሴው ሁለት እግሩን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ ካባው ተገልብጦ፣ «ልቀቅ! በጌታዬ ስም ልቀቅ!» እያለ ሲታገል ዘንጉ ጧ ብሎ ተሰበረ። እሱ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሄደ፤ ጎልያድ የድርሻውን ይዞ ቀረ። ዘንጉን አኝኮ ሲጨርስ ከቀንዱ ወደ አፉ የተንጠለጠለውን የጥብጣብ ጫፍ አገኘና እሱንም ሳበው። ጥብጣቡ ከለስላሳው ቀንድ ላይ ከነቋጠሮው ሾለከ፣ ወደ አፉ ገባ፣ ወደ ሆዱ ወረደ።

አያ ፉልክ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«በሕግ አምላክ! ያዘ!»

«ማነው የያዘው?» አለ ሚስተር ሎቭዴይ ከወለሉ ላይ።

«ጎልያድ ነዋ! ዘንጉን በችሎት ፊት ከእንደራሴው እጅ ያዘ። መሬቱ ተሰጠው።»

«ፍየል እኮ ነው!»

«የያዘ ያዘ ነው ልማዱ። እግር አይቆጥርም።»

ሰው ሁሉ ሊስቅ አፉን ሲከፍት ሚስተር ሎቭዴይ ተነሳ። ካባውን አስተካከለ፣ ከፀጉሩ ገለባ አነሳ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ፈገግ ማለት ጀመረ። የሱ ፈገግታ የሌላውን ሁሉ ሳቅ አጠፋው። «መልካም» አለ። «ልማዱ እንደሱ ካለ እሺ። እስቲ ንገሩኝ፣ ፍየሉ የማነው? የጌታዬ ነው፤ እናንተው በመሃላ ሰጣችሁኝ። የጌታዬ ፍየል የያዘውን የያዘው ጌታዬ ነው። የፔፐሬል መሬት ከነቤቱ ወደ ጌታዬ ወደ ሰር ኤቨራርድ ተመልሷል። በግ እናስገባበታለን።» ወደ ቶማዚን ዞረ። «አንቺ ላምሽን ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ።»

«ወዴት?» አለች ቶማዚን።

«እሱን ልማዱ አይልም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። የቼሪን አንገት አቀፈች። ላም ያለ መሬት ምን ትሠራላታለች? ሳር የምታበላበት የላት፣ የምታድርበት የላት። ገና የጊልስ መቃብር አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ ቤቱ ሄደ፤ ያውም በሷው ብልጠት። እዚያው መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት። ቢሆንም ዝም ማለት አልሆነላትም። «ዘንድሮ የመንደሩን አሳማ ሁሉ አፍንጫ በስቶ ቀለበት የማስገባት ተራ የኛ ቤት ነው» አለች። «መሬቱን የያዘ ይሠራዋል። ሰር ኤቨራርድ ራሳቸው ይመጣሉ?»

ሳቅ ጎተራውን ነቀነቀው። «ሰው ይቀጥራሉ» አለ ሚስተር ሎቭዴይ፤ ሳቁም እዚያው ሞተ።

አያ ፉልክ ግን አልተቀመጠም። «አንድ ነገር ይጣራ። ጥብጣቡ ተቋጥሮ ነበር ወይ? ተቋጥሮ ከነበረ ፍየሉ የጌታው ነው፤ እሱም መሬቱም ወደ ጌታው ይሄዳሉ። ካልተቋጠረ ግን ፍየሉ ገና የቤቱ ነበር፤ የቤቱ ፍየል ከያዘ ቤቱ ያዘ፣ ቶማዚን ያዘች።»

«ይሁን፤ እንደዚያ ከሆነ ፍየሉን ብቻ እወስዳለሁ።»

«አይቻልም። ዘንግ የያዘ እስኪሞት ከመሬቱ አይነቀልም። ፍየሉ እዚሁ ይኖራል፤ ጌታው ሞቱን ይጠብቃሉ።»

«እንግዲያው ላሟን!»

«ለአንድ ሬሳ ሁለት ፍርድ የለም። ፍየል ተብሎ ተጽፏል።»

እንደራሴው ጥብጣቡን ፈለገ። ሰው ሁሉ ጎልያድን አየው። ጎልያድ አገሳ። «ማነው ያሰረው?» አለ ሚስተር ሎቭዴይ።

«ባርናቢ» አለ ጃስፐር ከላሟ ጀርባ።

«ባርናቢ ሆክ፣ ቅረብ። እጅህን መጽሐፉ ላይ አድርግ። አንተ እንደማትዋሽ በከተማ ሳይቀር ይወራል። ጥብጣቡን ቋጥረሃል ወይስ አልቋጠርክም?»

ባርናቢ እጁን መጽሐፉ ላይ አደረገ። ቶማዚን አየችው፤ እሱ ደግሞ ማየቷን ያውቃል። እውነቱን ቢናገር መሃላው ንጹሕ ነው፣ ጎልያድም ዛሬውኑ ወንዙን ተሻግሮ ይሄዳል፣ ጎመኑ በሰላም ያድጋል፣ እስኪሞት ድረስ አጥሩን ሳይጠግን ይኖራል። ከመንደሩ ሁሉ ይህን ሰላም እንደሱ የተመኘ የለም። ቢዋሽ ደግሞ ፍየሉ ከነነፍሱ ጎረቤቱ ሆኖ ይቀራል፣ የራሱም ነፍስ ትጎድፋለች። ልትለምነው አፏን ከፈተች፤ ግን ሰው «ነፍስህን ስጠኝ» ተብሎ እንዴት ይለመናል? አፏን መልሳ ዘጋችው። እሷ በሱ ቦታ ብትሆን እንደማትዋሽለት አወቀች፤ ይህን ማወቋ አሳፈራት።

ባርናቢ ፍየሉን አየ። መጽሐፉን አየ። ላብ ከግንባሩ እየወረደ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

«እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለ።

«ስለ እጅህ አልጠየቅኩም።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።» ዓይኑን ጨፈነ። «አልቋጠርኩም።»

ጎተራው በሙሉ አመነው። ጃስፐር አመነ፣ አያ ፉልክ አመነ፣ እንደራሴው እንኳ ተሳድቦ አመነ፤ ባርናቢ ሆክ አይዋሽማ! ሚስተር ሎቭዴይ ከዘንጉ የተረፈውን ስባሪ ጫፉን ይዞ ለቶማዚን እንደመዘርጋት ጠረጴዛው ላይ ወርውሮላት ወጣ፣ ፈረሱንም እየጮኸ ጠራ። ቶማዚን ስባሪውን አነሳችና ወደ ባርናቢ ሄደች። ባርናቢ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እጁን፣ ያንን መጽሐፍ ላይ የነበረውን እጁን፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ያህል ይመለከተዋል።

«አይተሽኛል» አላት በሹክሹክታ።

«አይቼሃለሁ።»

«ሁለቴ ነው የቋጠርኩት።»

«ሁለቴ ነው።»

«እንግዲህ አሁን ምንም እንዳትዪኝ፣ ቶማዚን። እባክሽ።»

ምንም አላለችውም። ጊልስ ከሞተ ጀምሮ አንድ እንባ እንኳ አልወጣትም ነበር፤ አሁን ግን እዚያው አጠገቡ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ እየተንሰቀሰቀች፣ ሽርጧ እስኪርስ። ጎረቤቶቹ ከበቧት። ፍየሉ እሷው ጋ ስለቀረ መስሏቸው አዘኑላት፤ ጃስፐር ራሱ ኮፍያውን አውልቆ ቀረበና ትከሻዋን ዳበሰላት።

«አይዞሽ እትዬ» አላት። «የፍየል ዕድሜ እኮ አጭር ነው።»